እትዬ አዛለች እጃቸውን ያወጡ ዕለት

ከሥራ ሁሉ አደጋ የሌለበት የትኛው ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እስካለፈው ዓመት ድረስ ሳላቅማማ የታሪክ መምህርነት ነው እላችሁ ነበር። የመብራት ሠራተኛን ሽቦ ይይዘዋል። ሹፌር ገደል አለበት፤ በተለይ ወደ ሰቆጣ የሚመላለሰውን ሹፌር መሪ የጨበጠ መናኝ በሉት፣ ከእያንዳንዱ መታጠፊያ በፊት ከፈጣሪው ጋር ይታረቃል። የኬሚስትሪ መምህር እንኳ አንድ ቀን እጁ ስቶ የማይቀላቀለውን ይቀላቅላል። የታሪክ መምህር ግን ምን ይሆናል? የሚያማው የሞቱትን ነው። የሞተ አይከስስ፣ አይማታ። ተማሪው ያንቀላፋል፣ መምህሩ ያወራል፣ ደወሉ ይደወላል፣ ሁሉም በሰላም ወደየቤቱ።

ይህን ያህል ተማምኜ የኖርኩት ለካ የሚሰማኝ ሰው ስላላገኘሁ ነው። ተማሪዎቼ ታሪክን ያጠኑታል እንጂ አይሰሙትም። ለፈተና ይሸከሙታል፣ ከፈተናው ወንበር ሲነሡ እዚያው አስቀምጠውት ይሄዳሉ። ከልቡ የሚሰማ፣ ሰምቶም «ታዲያ እኛስ?» የሚል ሰው ምን ዓይነት አስደንጋጭ ፍጥረት እንደሆነ ያወቅሁት እዚሁ ሰቆጣ፣ ለዚያውም በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ነው። ድንጋጤው እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። ስለዚህ ወጌ አልፎ አልፎ ቢንቀጠቀጥ አትፍረዱብኝ።

እኔ የዳሞት ልጅ ነኝ፤ ጤፍ ከጎተራ ሞልቶ የሚፈስበት አገር ነው እያልን ስንኩራራ ያደግን። ሰቆጣ የተመደብኩ ጊዜ ዘመድ ሁሉ የተፈረደብኝ ይመስል ከንፈሩን መጠጠልኝ። ስደርስ ያገኘሁት ግን እንደማንኛውም የሰው አገር ነው፤ ቀዝቃዛ ማለዳ አለው፣ ወሬኛ ጎረቤት አለው፣ ሌላ ቦታ ቀምሼው የማላውቅ ነጭ ማር አለው። የማሩን ጣዕም ያስተማሩኝ አከራዬ እትዬ አዛለች ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ሴት ልጆቻቸውን አምደወርቅ ከተማ ድረዋል። ከደሃና ወረዳ ንብ አናቢዎች ማር እየተረከቡ ይነግዳሉ፣ ከጓሮ ያሉትን ክፍሎች ለእኔ ቢጤው መጤ ያከራያሉ። ቃል በሚዛን የሚሸጥ ይመስል ንግግር ይቆጥባሉ። ከጎረቤት ጋር ሲሆኑና እኔ እንዳልሰማ ሲፈልጉ ወደ አገሩ ቋንቋ፣ ወደ ኽምጣኛ ይሻገራሉ። እኔ እንዳልሰማ የሚፈልጉት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ነው።

ባለፈው የካቲት ማለቂያ ላይ የሴቶች ቀን ሲከበር፣ ሴቶች በዓለም ላይ የመምረጥ መብት እንዴት እንዳገኙ ንግግር አድርግ ተባልኩ። አዘጋጆቹ የፈለጉት እንኳ አንዲት ሴት ተናጋሪ ነበር፤ ያሰቧት ሴት ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄዳ ኖሮ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ ወደቀ። እንግዲህ የሴቶችን ነፃነት ለሴቶች የሚያስረዳ ወንድ ተገኘ። ይህን ስታነቡ የምትስቁ ካላችሁ ሳቁ፤ እኔም ያን ዕለት ፈገግ ብዬ ነበር።

አዳራሹ ሞልቷል። ነጠላ ብቻ ነው የሚታየው። የከተማው ሴቶች አሉ፣ ከዙሪያው የገጠር ቀበሌ የመጡም አሉ። ከፊት ወንበር ላይ እማማ ሐዳስ የሚባሉ ጥርሳቸው የሳሳ፣ ጆሯቸው ግን ያልሳሳ የሠፈራችን አሮጊት ተቀምጠዋል። እኔ በለመድኩት መንገድ ጀመርኩ። ከዓለም ቀድማ ለሴቶቿ ድምፅ የሰጠችው አገር ኒውዚላንድ የምትባል የባሕር ማዶ ደሴት እንደሆነች፣ ሴቶቿ ቤት ለቤት እየዞሩ ፊርማ እንደሰበሰቡ ተናገርኩ። ያቺ የሰዓት አገር ስዊዘርላንድ እንኳ ለሴቶቿ የፈቀደችው የእኛ እናቶች በሕግ ከተፈቀደላቸው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው ስል ጥቂት እልልታ ተሰማ። የእኛዎቹ በንጉሡ ዘመን የፓርላማ ምርጫ ሲመጣ ከወንዶቹ እኩል አብረው አገኙት፤ ማንም ሳይጠይቅ ከላይ ወረደ። ለእኩሌታው አዳራሽ ይህን ያህል እንቅልፍ የሚያስመጣ ዜና አልነበረም። እኔም ደስ አለኝ፤ እንቅልፍ የእኔ አገር ነው።

ከዚያ እንግሊዝ ደረስኩ። የእንግሊዝ ሴቶች መስኮት ሰበሩ፣ ታሰሩ፣ እስር ቤት ገብተው ደግሞ «እህል አንበላም» አሉ አልኩ።

አዳራሹ ነቃ።

«አልቆባቸው ነው?» አሉ እማማ ሐዳስ።

«አይ፣ እህሉማ አለ። ይቀርብላቸዋል። እነሱ ናቸው አንበላም ያሉት።»

«እየቀረበላቸው?»

«እየቀረበላቸው።»

እማማ ሐዳስ ወደ ኋላ ዞረው አማርኛ ለማይሰሙት በኽምጣኛ አስተላለፉ። ሹክሹክታው ከወንበር ወንበር እየዘለለ እስከ በሩ ደረሰ። እኔ ግን ነገሩ የያዘልኝ መስሎኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ወደ አሳዛኙ ክፍል ገባሁ። መንግሥት እንዳይሞቱበት ፈርቶ አስገድዶ አበላቸው፣ ዘበኞች ጠፍረው ይዘው በአፍንጫቸው ቱቦ እየከተቱ ምግብ አፈሰሱባቸው አልኩ። ይህን ክፍል ስናገር ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። እዚህ ማንም ፊቱን አላጨማደደም።

«ብሉ ብሎ የሚያስገድድ መንግሥት አለ?» አሉ እማማ ሐዳስ።

ሊያስቁ ብለው አልነበረም። የሳቀም የለም። የት ቆሜ ምን እያወራሁ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከፊቴ ያሉት ሴቶች እኩሌታዎቹ አገሩን በፈጀው በዚያ የድርቅ ዘመን ልጅ በጀርባ፣ ልጅ በእጅ ይዘው ወደ እርዳታ ጣቢያ የወረዱ ናቸው፤ እኔ ረሃብን የማውቀው ከመጽሐፍ፣ ለዚያውም «መንስኤና ውጤት» በሚል ርዕስ ሥር ነው። በዚህ አገር ሰው ሞልቶለት አልበላም ሲል መስማት፣ ሰው ክንፍ አወጣ ከማለት የሚያንስ ዜና አይደለም። ቶሎ ጨርሼ ልውረድ ብዬ ወረቀቴን ሳገላብጥ ከኋላ አንድ የማውቀው ድምፅ መጣ። እትዬ አዛለች ናቸው።

«ከዚያስ ሰጧቸው?»

«አዎ፣ ሰጧቸው፤ ግን...» ብዬ ስለ ዓለም ጦርነቱ፣ ሴቶቹ በየፋብሪካው ስለ መሥራታቸው፣ ነገሩ ስለ ወሰደው ረጅም ዘመን ላስረዳ ነበር።

«ሰጧቸው» አሉ እትዬ አዛለች ለራሳቸው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። የእኔ «ግን» መንገድ ላይ ቀረ። እናንተዬ፣ ታሪክ ስታስተምሩ «ግን»ን አስቀድሙ።

ፋሲካ አለፈ። ነገሩንም ረሳሁት። በዚህ መካከል የሠፈራችን እድር ጉባኤ አደረገ። እኔም ተከራይ ብሆን አባል ነኝ፤ የዚያን ዕለት ግን ወረቀት አርም ስለነበር አልሄድኩም። ጉዳዩ የለቅሶ ንፍሮ ነው። ቀድሞ በደንባችን ለለቅሶ ቤት ንፍሮ የሚቀቀለው፣ እንግዳ የሚስተናገደው ሦስት ቀን ነበር። በቅርቡ አንድ የተከበሩ ሰው ሞተው፣ ዘመዶቻቸው ከአበርገሌ ቆላ በዚያ መንገድ ተጉዘው ዘግይተው ሲደርሱ ድስት ተገልብጦ አገኙ። ሠፈሩ አፈረ። ስለዚህ ጉባኤው ሦስቱን ቀን ሰባት አደረገው። እጅ ያወጡት አባወራዎች ናቸው፤ በሙሉ ድምፅ አለፈ። እንዴት አያልፍ? እነሱ ንፍሮውን ያውቁታል፣ ግን ከሳህን ላይ ነው የሚያውቁት።

እትዬ አዛለች ጉባኤው ሳይበተን ደርሰው ደጃፍ ላይ ቆሙ። የእድሩ ዳኛ አያ ኪሮስ ናቸው፤ ሽበታቸው የተከበረ፣ ደንብ የሚወዱ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው።

«ንፍሮውን የሚቀቅለው ማነው?» አሉ እትዬ አዛለች።

«ሴቶቹ ናቸዋ» አሉ አያ ኪሮስ።

«ውኃውን የሚቀዳው?»

«ሴቶቹ።»

«ታዲያ ሴቶቹ መቼ እጅ አወጡ?»

«አዛለች፣ ደንቡን አንቺም ታውቂዋለሽ። በጉባኤ እጅ የሚያወጣው አባወራ ነው።»

«የኔን አባወራ እናንተው ናችሁ የቀበራችሁት።»

የነበሩት ሰዎች እንደነገሩኝ ብዙዎቹ መሬት መሬት አዩ። አንዱ ነገር ለማቅለል ብሎ «ታዲያ አማችሽን ላኪያ» ቢላቸው፣ «አማቼን የሚቀብረው የአምደወርቅ እድር ነው» አሉት። ሰዎቹ መሬት ቢያዩም ደንቡ ግን ደንብ ነው፣ ቀና ብሎ ቆመ። ልብ በሉልኝ፤ እነዚህ ሴቶች የአገር ምርጫ ሲመጣ ተሰልፈው፣ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ይመጣሉ። ለአገር መሪ የሚመርጡት ሴቶች ለንፍሮ ድስት እጅ አያወጡም። ከላይ የወረደው መብት እስከ ሠፈራችን ለመድረስ ትራንስፖርት አጥቶ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ እትዬ አዛለችን የእድሩ ዕቃ ቤት ደጃፍ፣ ከወይራው ዛፍ ሥር መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ተቀምጠው አየኋቸው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹና እነዚያ ትልልቅ ድስቶች የሚቀመጡት እዚያ ነው። የማር ደንበኛ የሚጠብቁ መስሎኝ ሰላም ብዬ አለፍኩ። እኩለ ቀን ላይ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ አያልነህ ከትምህርት ቤቱ በር አስጠራኝ።

«መምህር፣ እትዬ አዛለች እጅ እስካወጣ እህል አልበላም ብለዋል» አለኝ። ቀጥሎ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «አንተ ነህ አሉ ያስተማርካቸው።»

ድንጋጤ ምን እንደሚመስል ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ያከራየቻችሁ ሴት የእናንተን ንግግር ሰምታ እህል አልበላም ስትል ያን ጊዜ ታዩታላችሁ። በዚያ ላይ ጨጓራ አለባቸው። እየሮጥኩ ደረስኩ።

«እትዬ፣ እባክዎ ይነሡ። እነዚያ ሴቶች እኮ የጠየቁት መንግሥትን ነው።»

«እኔ አያ ኪሮስን ነው የምጠይቀው። መንግሥትን ደግሞ ማን አግኝቶት።»

«ብዙ ዘመን ነው የፈጀባቸው። የነገርኩዎት ሁሉ...»

«ሰጧቸው አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው ሂድ፣ ተማሪዎችህ ይጠብቁሃል።»

ከእኔ ቀጥሎ የነፍስ አባታቸው መጡ። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነው፤ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ጾም የለም፣ ሰውነትን ማስራብ የለም። አባ በድንጋጤ መስቀላቸውን ማሳለም እንኳ ረሱ። «በሃምሳ ትጾሚያለሽ? ሥርዓት ማፍረስ እኮ ነው» አሏቸው። እትዬ አዛለች ተነሥተው መስቀሉን ተሳለሙና፣ «አልጾምኩም አባ። አልበላሁም እንጂ። ይኼ ጥያቄ ነው» አሉ። አባ ቆመው አሰቡ፤ በጾምና ባለመብላት መካከል ያለውን ልዩነት የሚተነትን መጽሐፍ አላገኙም መሰለኝ፣ ውኃውን ባርከውላቸው ሄዱ። ውኃ ይጠጡ ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሴቶቹ ናቸው። አብረዋቸው የሚቆሙ መስሎኝ ነበር፤ ጭራሽ ተቆጡ። «ልጅ ነሽ በእህል የምታኮርፊ?» አለቻቸው አንዷ ጎረቤት። እህልን መግፋት በዚህ አገር ነውር ብቻ አይደለም፣ የሞቱትን እንደ መስደብ ነው። ስለዚህ አልተከራከሯቸውም፤ ምግብ ማምጣት ጀመሩ። አንዷ በአገልግል፣ አንዷ በሳህን፣ አንዷ ቅቤ የጠጣ ትኩስ ገንፎ። እስኪመሽ ድረስ እትዬ አዛለች እንግዳ የቀረበት የሠርግ ድግስ መሐል ተቀምጠው ነበር። ዕቃውን አንድ በአንድ እየተሳለሙ ወደ ጎን ያደርጉታል። ማታ ቤታቸው ገብተው ይተኛሉ፣ ሲነጋ ተመልሰው ከወይራው ሥር።

በሁለተኛው ቀን የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር አስጠራኝ። ደግ ሰው ነው፤ የዚያን ዕለት ግን ወንበር እንኳ አላለኝም።

«ምን ብለህ ነው ያስተማርካቸው?»

«ታሪክ ነው። መጽሐፉ ላይ ያለ።»

«መጽሐፉ ላይ ያለውን ሁሉ ይናገሩታል እንዴ? ቱቦውን ለምን ነገርካቸው?»

ሴትዮዋ አንድ ነገር ቢሆኑ በሠፈሩም በመሥሪያ ቤቱም ስሜ ምን ሆኖ እንደሚቀር እያሰብኩ ወጣሁ። ይህን ስል አፍራለሁ፤ ያን ሰዓት ያሰብኩት ስሜን ነው። ማታ ግቢ ስገባ እትዬ አዛለች ግድግዳውን ይዘው ወደ ክፍላቸው ሲራመዱ ሳያቸው ነው ስሜን የረሳሁት። ከንፈራቸው ነጭ ሆኖ ነበር። «እራትህን በልተሃል?» አሉኝ። በልቻለሁ ብዬ ዋሸሁ። እሳቸው ሳይበሉ በዚያ ግቢ ውስጥ የሚዋጥ ነገር ከየት ይምጣ።

ለካ እኔ ብቻ አልነበርኩም። የአያ ኪሮስ ባለቤት ለጎረቤት እንደነገሩት፣ አያ ኪሮስ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ወደ ማዕዱ ይቀርባሉ፣ አንድ ጊዜ ይቆርሱና ያስቀምጡታል። ደንቡን አውጥተው ያነባሉ፣ አጥፈው ያስቀምጣሉ። እንደገና እጃቸውን ይታጠባሉ።

በሦስተኛው ቀን ክፍል ገብቼ ጥቁር ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ነበር። ጥሩምባ ተነፋ።

የእድር ጥሩምባ በቀን ተነፋ ማለት አንድ ነገር ነው። ሰው ሞቷል ማለት ነው። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ተማሪዎቹን ምን እንዳልኳቸው አላውቅም፤ ምንም ሳልላቸው የወጣሁ ይመስለኛል። ቁልቁለቱን ስሮጥ ከየበሩ ሰው ይወጣል፣ ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ለለቅሶ ያጣፉታል፣ አንዲቱ ደረቷን መድቃት ጀምራለች። «አዛለች» የሚል ስም ከአፍ አፍ ሲዘል እሰማለሁ። ገደልኳቸው አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደንግጬ አላውቅም፣ ዳግመኛ እንድደነግጥም አልፈልግም።

ወይራው ሥር ስደርስ እትዬ አዛለች ተቀምጠዋል። ከአጠገባቸው ባዶ መሬት ላይ አያ ኪሮስ ተቀምጠዋል። ሁለቱም በሕይወት አሉ። አያልነህ ጥሩምባውን ይዞ ግራ ተጋብቶ ቆሟል፤ አያ ኪሮስ «ጉባኤ ጥራ» ብለውት፣ እሱ ደግሞ ሰው ለመጥራት የሚያውቀው ዜማ የሞትን ብቻ ስለሆነ ያንኑ ነፋው። ደረቷን ስትደቃ የመጣችው ሴት «ሟቿን» በሕይወት ስታይ ተናዳ አያልነህን ልትመታው ነበር።

ከዚያ በፊት ሁለቱ የተባባሉትን ኋላ ራሳቸው እትዬ አዛለች ነገሩኝ። አያ ኪሮስ መጥተው ቁጭ አሉና በኽምጣኛ ጀመሩ።

«አዛለች፣ በእህል አትቀልጂ።»

«አልቀለድኩም አያ።»

«ታናሽ እህቴን አታውቂያትም። ወደ እርዳታው ጣቢያ ስንወርድ በጀርባዬ ነበረች። አፏን ትከፍታለች፤ የምሰጣት የለኝም። ተራችን ሳይደርስ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ሰው ሳይበላ ሳይ የቆረስኩት አይወርድልኝም። አንቺ ሞልቶልሽ አፍሽን ትዘጊያለሽ።»

«እኔም በዚያው መንገድ ነበርኩ» አሏቸው እትዬ አዛለች። «ያኔ የራበኝ ማንም ሳይጠይቀኝ ነው። የአሁኑን ግን መርጬ ነው። መምረጥ ለካ ከባድ ነው አያ።»

አያ ኪሮስ ተነሥተው አያልነህን ጠሩ።

ጉባኤው እዚያው ዛፉ ሥር ሆነ። ሴቶቹ ለለቅሶ የመጡ ናቸውና የሚበተኑ አልሆኑም፤ በልተው የመጡትም ሳይበሉ የመጡትም እትዬ አዛለችን ከበው ተቀመጡ። አያ ኪሮስ ቆሙ። «ይቺ ሴት እዚህ ብትሞትብን የምንቀብራት እኛ ነን» አሉ። «በወሰንነው መሠረት ሰባት ቀን ንፍሮ ይቀቀላል። ቀቃዮቹ ያውላችሁ ከእሷ ጋር ተቀምጠዋል። ድስቱን የሚጥድ ከመካከላችሁ አለ?» አንድ አባወራ፣ «ዛሬ እጅ ካወጡ ነገ ዳኝነቱንም ይጠይቁናል» አለ። «ጠይቀው ይውሰዱት፣ እኔን ወገቤን ያመኛል» አሉ አያ ኪሮስ። ሳቅ ሆነ፤ ከሳቅ በኋላ እጅ ማውጣት ይቀላል። ሴቶች እጅ ያውጡ አያውጡ የሚለውን በእጃቸው የወሰኑት እንግዲህ ወንዶች ብቻ ናቸው፤ በዓለም ሁሉ እንዲሁ ነው የሆነው፣ ሌላ መንገድ ያገኘ አገር የለም። አለፈ። እማማ ሐዳስ እትዬ አዛለችን በእጃቸው አጥሚት አጠጧቸው፤ እየተቆጡ፣ እያለቀሱም።

በሳምንቱ ሴቶቹ የገቡበት የመጀመሪያው ጉባኤ ተጠራ። አጀንዳው ያው ንፍሮው ነው፤ ሦስት ወይስ ሰባት? ቀድሜ ገብቼ ጥሩ ቦታ ያዝኩ። ውጤቱን አውቀዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር፤ ሴቶቹ በቁጥር ይበልጣሉ፣ ሥራው የእነሱ ነው፣ ወደ ሦስት ይመለሳል። እማማ ሐዳስ ተነሡ።

«እኔ ልጄን የቀበርኩ ጊዜ ወንድሜ ከሰሃላ በእግሩ ተጉዞ ዘግይቶ ነው የደረሰው» አሉ። «ባዶ ድስት ቢጠብቀው ምን ይለኝ ነበር? ሰባት ይሁን። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ግን ውኃና እንጨቱ በወንዶቹ ይሁን።»

እጅ ተቆጠረ። ከሴቶቹ የሚበዙት ለእማማ ሐዳስ እጃቸውን አወጡ። ወንዶቹ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሰምተው ለሰባት ሲያወጡ ሁለተኛው አብሮ እንዳለፈ የገባቸው ዘግይቶ ነው። ለሦስት ቀን እጅ ያወጡት ጥቂቶች ነበሩ። እትዬ አዛለች ክንዳቸው እስከ ትከሻቸው እስኪታይ ድረስ አወጡ። ከእሳቸው ጋር ያወጡት ወንድ አያ ኪሮስ ብቻ ናቸው። ተሸነፉ።

በድንጋጤ ደርቄ ቀረሁ። ያን ሁሉ ቀን ተርበው ባገኙት እጅ፣ ያውም በሴቶች ድምፅ ተሸነፉ። ወደ ቤት ስንመለስ ምን ብዬ እንደማጽናናቸው ጠፍቶኝ ከኋላ ከኋላቸው እሄዳለሁ። እሳቸው በሩን ከፈቱና ማር በቂጣ አቀረቡልኝ።

«አዝናለሁ እትዬ» አልኩ።

«ለምኑ?»

«ተሸነፉ እኮ።»

«አየህ አይደል፣ ቆጠሩኝ» አሉ፤ ፊታቸው ላይ ቅሬታ አልነበረም። ቆይተው ደግሞ፣ «እነዚያ የነገርከን ሴቶች ካገኙ በኋላ ሁሉም አንድ ሰው መረጡ?» አሉኝ።

«አይ። የተለያየ ነው የመረጡት።»

«እህ፣ ታዲያ» አሉና ቂጣውን ወደ እኔ ገፉት።

በክረምቱ መግቢያ ላይ ሠፈራችን አንድ ሽማግሌ ቀበረ። አራተኛው ቀን ሲደርስ የውኃ ተራው የወንዶች ሆነ፤ ደንብ የሚወዱት አያ ኪሮስ ቀድመው ተገኙ፣ እኔም ተመድቤ ነበር። ከቦኖው እስከ ለቅሶ ቤቱ ያለው ዳገት ያለ ሸክም እንኳ ሲወጡት ያስተዛዝባል። ቢጫውን ጀሪካን በገመድ ጀርባዬ ላይ አስሬ፣ ውኃው ከውስጥ እየተንቦጫረቀ ግራና ቀኝ ሲጎትተኝ፣ ሴቶቹ ከዓመት ዓመት ይህን እያደረጉ እንዴት ይስቁ እንደነበር አልገባኝም። ከፊቴ አያ ኪሮስ ቆመው ጀሪካናቸውን ድንጋይ ላይ አሳርፈው ያለከልካሉ። እኔም ከአጠገባቸው አሳረፍኩ። ላቡን ከግንባራቸው ጠርገው ቁልቁል ወደ ከተማው አዩ።

«መምህር» አሉኝ፣ «በዚያ በእንግሊዝ አገር፣ ሴቶቹ ካገኙ በኋላ ወንዶቹ ምን ሆኑ?»

አሰብኩ። መጽሐፉ ላይ ያለውን ሁሉ በጭንቅላቴ አገላበጥኩ። የሚረባ ነገር አላገኘሁም።

«ለመዱት» አልኳቸው።

አያ ኪሮስ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ጎንበስ ብለው ገመዱን ትከሻቸው ላይ አደረጉና ዳገቱን ተያያዙት።